ጠብ ሲል ከመድፈን አንድ ጊዜ መቀየር

አንባቢ ሆይ፤ ጠብታን የማይንቅ ሰው ጥቂት ነው። በተከራዩት ቤት ግቢ ውስጥ፥ ከሮቶው ሥር ካለችው መጋጠሚያ ላይ በየሴኮንዱ አንዲት ጠብታ ጠብ ስትል ቢሰሙ፥ «ነገ ይታያል» ብለው ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዙረው መተኛትዎ አይቀርም። ከመተኛትዎ በፊት ግን እስቲ አንዲት ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ቀንና ሌሊቱ 86,400 ሴኮንድ ነው። የአንዲቱን ጠብታ ልክ የሚሊ ሊትር ሩብ ብናደርገው፥ በአንድ ቀን የሚፈስሰው ውኃ ከ21 ሊትር ይበልጣል። ይህም ማለት አንድ ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል ማለት ነው። በወር ሲባዛ ከ30 ጀሪካን በላይ ይሆናል። ጠብታ ድንጋይ ይበሳል ሲባል እንሰማለን፤ የወር ደመወዝንም እንደሚበሳ የሚያስተውል ግን ብዙ አይደለም።

ይህን ሒሳብ ዝናብ በማይጠፋበት ደጋ የሚኖር ሰው ሰምቶ ሊስቅበት ይችል ይሆናል። በአብርሃ ጅራ ለሚኖር ሰው ግን የሚያስቅ አይደለም። አብርሃ ጅራ የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት፤ አገሯ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልበት፥ ለሱዳን ወሰን የቀረበ ቆላ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማና የአካባቢው ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ፥ ሰውም ከብትም የሚያስበው ስለ ውኃ ብቻ ነው። የሰሊጡ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ለቀን ሥራ ከየአገሩ የሚወርደው ሰው ስለሚበዛ፥ የሚጠጣውም የሚታጠበውም በዚያው ልክ ይጨምራል። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውኃ በከንቱ ማፍሰስ፥ 20 ኪሎ የሚመዝን ሸክም ከሩቅ አምጥቶ ከደጃፍ ላይ እንደ መድፋት ያለ ነው። የሸክሙን ክብደት ከሁሉ ይልቅ የምታውቀው ደግሞ ጀሪካኑን በጀርባዋ የምታመጣው ልጅ ናት።

ውኃን በአንድ ቦታ አጠራቅሞ፥ ሲፈለግ አስገብቶ ሲፈለግ አስወጥቶ መጠቀም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከ1632 እስከ 1667 (እ.ኤ.አ.) በነገሡት በአፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው የጎንደሩ መዋኛ፥ ዛሬም ለጥምቀት በዓል ከቀሐ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። በሌላው ዓለም ደግሞ ሀብት ያላቸው ሰዎች በየግቢያቸው የመዋኛ ገንዳ ያሠራሉ። ከገንዳው አጠገብ ውኃውን የሚስብ ሞተር፥ ቆሻሻውን የሚያስቀር ማጣሪያ፥ የሚከፍትና የሚዘጋ መዝጊያ፥ እነዚህንም ሁሉ የሚያያይዙ መጋጠሚያዎች ይገኛሉ። የገንዳው ባለቤት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው ሞተር ደኅና ሆኖ ሳለ፥ በጥቂት ገንዘብ የምትገዛ አንዲት መጋጠሚያ ስለ ተሰነጠቀች ብቻ ሥራው ሁሉ ይቆማል። እኛ የመዋኛ ገንዳ ባይኖረን ሮቶ አለን፤ ሮቶው ሥር ቧንቧ አለ፤ ከጉድጓድ የሚስብ ትንሽ ሞተርም ያላቸው ጥቂት አይደሉም። የመጋጠሚያው ሕግ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው።

መጀመሪያ መጋጠሚያው ለምን እንደሚበላሽ እንመልከት፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ዛሬ የቀየረውን በዓመቱ ደግሞ ይቀይራልና።

አንደኛው ጠላት ሙቀት ነው። ማናቸውም ነገር ሲሞቅ እንደሚረዝም፥ ሲበርድ እንደሚያጥር በትምህርት ቤት ተምረናል። ነገር ግን የብረትና የፕላስቲክ ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ አናስተውልም። 10 ሜትር የሚረዝም የብረት ቧንቧ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀትሩ ፀሐይ በ30 ዲግሪ ቢሞቅ፥ የሚረዝመው ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። ያው ርዝመት ያለው የፒቪሲ ቧንቧ ግን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለቱ ጫፎቹ ተቸንክረው ከተያዙ፥ ያ 2 ሳንቲ ሜትር መሄጃ ስለሚያጣ መጋጠሚያውን በየቀኑ ሲገፋና ሲስብ ይውላል፤ መጋጠሚያውም አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቧንቧው ከአፈር ውስጥ ቢቀበር ወይም ጥላ ቢደረግለት፥ በመንገዱም ላይ አንድ ሁለት ቦታ በክርን ቢታጠፍ ዕድሜው ይረዝማል። የፀሐይ ጨረርም ራሱ ፕላስቲክን እያደረቀ ተሰባሪ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጠላት የሠራተኛው ጉልበት ነው። «አጥብቀው!» የሚለው ቃል ብዙ መጋጠሚያ ሰብሯል። የብረት ወንዴ ጥርስ በፕላስቲክ ሴቴ ውስጥ ከልክ በላይ ሲጠብቅ፥ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ፕላስቲኩን ከውስጥ ወደ ውጭ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ዕለቱን ላይታይ ይችላል፤ ከወር በኋላ ሙቀቱ ሲያግዘው ይከፈታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት ከአየር ክብደት 3 አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን ያህል ውኃ ለማገድ የሚያስፈልገው የሰው ጡንቻ ሳይሆን የጥርሱ ንጽሕናና በሚገባ የተጠመጠመ ቴፍሎን ነው።

ሦስተኛው ጠላት ክብደት ነው። ከሮቶው አፍ ላይ ረጅም ቧንቧና ከባድ የነሐስ መዝጊያ ያለ ድጋፍ ሲንጠለጠል፥ ሸክሙ ሁሉ በአንዲቱ መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። ልጆች ተንጠላጥለው ሲጫወቱበት፥ ጀሪካን ሲሰቀልበት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ድንጋይ ወይም አንድ ቁራጭ እንጨት ከሥሩ ደግፎ ማቆም ዋጋ የማይጠይቅ መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ ከሚንጠባጠበው ይልቅ የማይንጠባጠበው ብልሽት እንደሚያስፈራ ላስታውስዎ። ሞተር ውኃን ይስባል እንላለን፤ ሞተሩ የሚሠራው ግን በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ ያለውን አየር ማሳሳት ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ጠለል ልክ ውኃን ከ10 ሜትር እምብዛም አያሳልፍም፤ በተግባር ሲታይ ደግሞ ከ7 ሜትር የጠለቀ ውኃ ለመሳብ ተራ የቤት ሞተር ይቸገራል። እንግዲህ በመሳቢያው በኩል ያለ መጋጠሚያ ሲላላ ውኃ ወደ ውጭ አይወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ቧንቧው ደረቅ ስለ ሆነ ባለቤቱ ደኅና ይመስለዋል፤ ሞተሩ ግን እየጮኸ፥ እየጋለ፥ ውኃውን እያቆራረጠ ይሰጣል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ «ሞተሩ ተቃጠለ» ብሎ ሌላ ሞተር ይገዛል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በመሳቢያው መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና አረፋ ቢቀቡ፥ አረፋው ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ጥፋቱ ያለበት ነው። ይህን ሲያደርጉ ግን ኤሌክትሪክ ወዳለበት ወደ ሞተሩ አካል ውኃ እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

በከተማው የውኃ መስመርም ላይ ያው ነገር ይደርሳል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ስፍራ፥ መስመሩ ሲዘጋ በቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና ቧንቧው መሳብ ይጀምራል። ቀን ውኃ የወጣበት ቀዳዳ፥ ሌሊት በዙሪያው የተጠራቀመውን ጭቃና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ያስገባል። በማግሥቱ ጧት ያ ውኃ በብርጭቆ ይቀርባል። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በተጠለሉበት በመተማው የኩመር መጠለያ የኮሌራ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው መሞቱ ይታወሳል። ኮሌራ በቆሸሸ ውኃና በቆሸሸ ምግብ የሚተላለፍ በሽታ ነው። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ መጋጠሚያ መቀየር ከቁጠባም ያለፈ፥ የጤና ጉዳይ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸግረው የልኩ ስም ነው። «ግማሽ ኢንች» የተባለውን ቧንቧ በማስመሪያ ቢለኩት ግማሽ ኢንች የሚሆን ቦታ አያገኙበትም፤ የወንዴ ጥርሱ የውጭ ስፋት 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። «3/4 ኢንች» የሚባለው 26 ሚሊ ሜትር ተኩል፥ «1 ኢንች» የሚባለውም 33 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ስሙ የመጣው ከጥንቱ የብረት ቧንቧ የውስጥ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው በዘመናት ተለወጠ፥ ስሙ ግን ቀረ። በአንጻሩ በሙቀት የሚገጣጠመው የፒፒአር ቧንቧ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው፤ ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ከግማሽ ኢንች፥ ባለ 25ቱ ከ3/4፥ ባለ 32ቱ ከ1 ኢንች ጋራ ይጣመራል። ይህን የማያውቅ ሰው ከጎንደር ድረስ በሳንጃ በኩል ያስመጣው ዕቃ አልገጥም ሲለው ነጋዴውን ይረግማል።

ጥርሱም የራሱ ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 (እ.ኤ.አ.) የብሎን ጥርስ ሁሉ አንድ ዐይነት ልክ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ፤ ከዚያ በፊት የአንዱ ፋብሪካ ብሎን ለሌላው አይሆንም ነበር። የእርሱ ጥርስ የ55 ዲግሪ ማዕዘን አለው፤ የአሜሪካኖቹ ደግሞ 60 ዲግሪ ነው። በግማሽ ኢንች መጋጠሚያ ላይ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ ስላላቸው፥ አንዱ በሌላው ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባና የገጠመ ይመስላል፤ በኋላ ግን ያፈስሳል። ስለዚህ ሁሉ የሚሻለው ምክር አንድ ነው፤ አሮጌውን መጋጠሚያ ይዘው ወደ መደብሩ ይሂዱ፥ አዲሱን እዚያው በእጅዎ አጠባብቀው ይሞክሩት።

ዕቃው ከተሟላ በኋላ ሥራው እንደሚከተለው ነው።

ሞተር ካለ ኤሌክትሪኩን ያጥፉ፤ ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ሶኬቱን ይንቀሉ። ዋናውን መዝጊያ ይዝጉና በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ውኃ በባልዲ ይቀበሉ። ሮቶው ራሱ መዝጊያ ከሌለው፥ ውኃው በተፈጥሮው ያለቀበትን ቀን መጠበቅ ይሻላል።

ሲፈቱ ሁለት መፍቻ ይያዙ። አንዱ የሚፈታውን ይዞራል፥ ሁለተኛው የማይፈታውን አጥብቆ ይይዛል። በአንድ መፍቻ የሚፈታ ሰው የበሰበሰውን መጋጠሚያ ሲያዞር፥ ከሮቶው ግድግዳ ጋራ ያለውን ደኅነኛውንም አብሮ ያላላል።

አሮጌው ከወጣ በኋላ ጥርሱን በብሩሽ አጥርተው፥ የቀድሞውን ቴፍሎን ቁራጭ ሁሉ ለቅመው ያውጡ። ከዚያ አዲሱን ቴፍሎን በወንዴው ጥርስ ላይ፥ የጥርሱን ፊት ወደ ራስዎ አድርገው፥ ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠምጥሙ። በተቃራኒው የተጠመጠመ ቴፍሎን መጋጠሚያው ሲገባ እየተገፈፈ ይወጣል። ይህ ነጭ ጥቅል በ1938 (እ.ኤ.አ.) ሮይ ፕላንኬት የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ ሲመረምር ሳያስበው ያገኘው ነገር ነው። አንድ ሁለት ዙር ብቻ አድርጎ መተው አይበቃም፤ ቴፍሎኑ ስስ ከሆነ ስምንት አሥር ዙር ቢሆን አይበዛም። የመጀመሪያውን ጥርስ ግን ባዶውን ይተዉት፤ የቴፍሎን ቁራጭ ወደ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ መዝጊያውን እንዳይዘጋው።

መጋጠሚያውን በእጅዎ እስኪያቅትዎ ያስገቡ፤ ከዚያ በመፍቻ አንድ ዙር፥ ቢበዛ ሁለት ይጨምሩ። ፕላስቲክ ከሆነ ከአንድ ዙር አይለፉ። ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ መልሶ ማስተካከል አይቻልም፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ጥርስ ያፈስሳልና፥ ፈትተው ቴፍሎኑን እንደገና ይጠምጥሙ።

ጎሚኒ ባለበት ቦታ ግን ቴፍሎን አያስፈልግም። ውኃውን የሚያግደው ጎሚኒው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ፊቱ ንጹሕ፥ ጎሚኒውም ያልደረቀና ያልተሰነጠቀ ይሁን። በቆላ ሙቀት ጎሚኒ ቶሎ ይደርቃል፤ አንድ ሁለት ትርፍ ገዝቶ በጥላ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ቧንቧው ፒፒአር ከሆነ በቴፍሎን አይገጠምም፤ በመተኮሻ ማሽን 260 ዲግሪ ሞቆ ነው የሚያያዘው። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩን 5 ሴኮንድ፥ ባለ 25ቱን 7 ሴኮንድ አሙቆ፥ ሳያጣምሙ በቀጥታ ማስገባትና እስኪቀዘቅዝ ጥቂት ደቂቃ ሳይነኩ መተው ነው። ይህ ማሽን በየቤቱ ስለማይገኝ ባለሙያ መጥራት ይሻላል፤ እርስዎ ግን ሴኮንዱን ቆመው ይቁጠሩ። ፒፒአርም ሆነ ፒቪሲ አንድ ጊዜ ከተያያዘ አይፈታም፥ ይቆረጣል። አባቶች «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ያሉት ለዚህ ያለ ሥራ ነው። ሲቆርጡም ከመዝጊያው ወይም ከሞተሩ ሥር ጠግተው አይቁረጡ፤ ለሚመጣው ጊዜ መያዣ የሚሆን አንድ ጋት ቧንቧ ይተዉ።

የዚህ ሁሉ ማሰሪያ ደግሞ ዩኒየን የሚባለው መጋጠሚያ ነው። ዩኒየን በመካከሉ የሚፈታ ቀለበት ስላለው፥ ቧንቧውን ሳይቆርጡ፥ ሌላውንም ሳያዞሩ ዕቃውን ለብቻው ለማውጣት ያስችላል። በሞተሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዩኒየንና አንድ አንድ መዝጊያ ያስገባ ሰው፥ ሞተሩ ሲበላሽ በጥቂት ደቂቃ ፈትቶ ወደ ጥገና ይልከዋል። ይህን ያላደረገ ግን በየጊዜው ቧንቧ እየቆረጠ፥ በመጨረሻ የሚቆረጥ ቧንቧ ያጣል። ነገ የሚበላሸውን ዕቃ ነገ እንደሚፈታ አስቦ ዛሬ ማሰር የጥሩ ሠራተኛ ምልክት ነው።

ሲጨርሱ ውኃውን በቀስታ ይልቀቁ፤ በመጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ወረቀት ጠምጥመው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመልከቱት። ወረቀቱ ከደረቀ መልካም፤ በቀትር ሙቀት ግን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። ሮቶውን ከከፈቱት ደግሞ ማጽዳት ያስፈልጋል። ለ200 ሊትር ውኃ 5 ከመቶ የሆነና ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 200 ሚሊ ሊትር ጨምረው፥ በዚያ ውኃ የሮቶውን ግድግዳ በሚገባ ይፈትጉ፤ አሳድረውም ይድፉት። ያ ውኃ ለመጠጥ አይሆንም፤ ለመጸዳጃ ቤትና ለወለል ማጠቢያ ግን ይውላል። ከዚያ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት።

ሁለት ነገር ሳላስታውስ ባልፍ ደግ አይሆንም። የመጀመሪያው፥ ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ንብረት ስለ ሆነ አይነካም፤ እዚያ ላይ የሚፈስስ ካዩ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት የእርስዎ ፈንታ ነው። ሁለተኛው፥ ተከራይ ከሆኑ አከራይዎን አስቀድመው ያነጋግሩ። «እማማ፥ የሮቶው መጋጠሚያ እያፈሰሰ ነው፤ ዕቃውን ቢገዙልኝ እኔ እሠራዋለሁ» ያለ ተከራይ፥ መጋጠሚያውንም መልካም ጉርብትናውንም ያጠብቃል። የወጣውን አሮጌ ዕቃም ያስረክቧቸው፤ ሰው ያየውን ያምናልና።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዱ «እኔ ወረቀት ላይ የምሠራ ሰው ቧንቧ ልፈታ ነውን?» ይል ይሆናል። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን መስደብ ልማድ በነበረበት ዘመን፥ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲተው አዋጅ አስነግረዋል። ከቤተ መንግሥታቸው ድረስ ውኃ በቧንቧ ያመጣላቸው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ መፍቻ መያዝን የሚያፍር ወጣት ቢኖር የሚያሳፍረው መፍቻው ሳይሆን ማፈሩ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ማታ አንድ ጣሳ ወስደው ከምትንጠባጠበዋ መጋጠሚያ ሥር ያስቀምጡና ለአንድ ሰዓት ይተዉት። ከሰዓቱ በኋላ ወደ አንድ ሊትር የተጠጋ ውኃ ካገኙ፥ በዚያ ቤት በየቀኑ አንድ ጀሪካን እየፈሰሰ ነው። እንግዲህ መፍቻ የሚገኝበትን ጎረቤት ከወዲሁ ያስቡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።